በቃሏ የያዘችው ቤት

ዕድሜዋን አትጠይቁኝ። ስትወለድ ቀን የቆጠረ፣ ወረቀት ላይ ያሰፈረ ሰው የለም። ባረፈች ሰሞን አንድ ወጣት መዝገብ ይዞ መጥቶ «ስንት ዓመቷ ነበር?» ቢል ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ «ጣልያን ሲገባ ፍየል ጠባቂ ነበረች» አለ። ሌላው «የለም፣ ፍየል የያዘችው ጣልያን ሲወጣ ነው» አለ። ጣልያን በ1928 ገብቶ በ1933 ተባረረ። እኛ አገር ልጅ ፍየል የሚያስከትለው ስድስት ሰባት ዓመት ሲሞላው ነው። እሷ ያረፈችው በ2016 ነው። እንግዲህ ደምሩ፣ ቀንሱ፤ ከዘጠና ቢጎድል ትንሽ፣ ቢያልፍም ትንሽ ነው። ወጣቱ «90» ብሎ ጻፈና ሄደ።

እኔ ግን በአንድ ቁጥር ላልፋት አልችልም። ተቀመጡና ከመጀመሪያው ላውጋችሁ።

ስሟን አልጠራም። ባል ቤት ከገባች ወዲህ በልጅነት ስሟ የሚጠሯት ወንድሞቿ ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ሁሉም ቀድመዋታል። እኛ ልጆቿና የልጅ ልጆቿ፣ ጎረቤቱም፣ የገበያው ሰውም «ኢንዶ» እንላት ነበር፤ እናት። እኔም እዚህ እንደዚያው እላታለሁ።

አገሯ ካኮ ናት፤ በደቡብ ኦሞ፣ ከጂንካ ወደ ቀይ አፈር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የበና ሕዝብ ከተማ። ዛሬ አስፋልት ያቋርጣታል፤ ሰኞ ሰኞ ገበያዋ ይቆማል። ከደጋው አሪዎች ቡና፣ ቆጮና ጎደሬ ተሸክመው ይወርዳሉ፣ የአሪ ሸክላ ሠሪ ሴቶችም ድስትና እንስራ በጀርባቸው አዝለው ይመጣሉ። የቆላው በና ደግሞ ማሩን፣ ቅቤውን፣ ማሽላውንና ፍየሉን ይዞ ይወጣል። ኢንዶ ስታድግ ይህ ሁሉ የለም። ቁጥቋጦ ነበር፤ በቁጥቋጦው መሀል እዚህም እዚያም የተበተኑ የሣር ቤቶች ነበሩ። ቤቶቹ ለምን እንደተበተኑ ደግሞ እናቷ ነግራታለች፤ የሕይወቷ ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

በ1890 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ፣ ዛሬ ቱርካና እስከምንለው ድረስ ወረደ። ከዚያ በኋላ በአሪ ደጋ፣ ባኮ ላይ የጦር ሰፈር ተተከለ፣ አገሬው ለወታደር በገባርነት ተደለደለ፣ ሰው እየተፈነገለ ይሸጥ ጀመር። ይህን የምናገረው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም፤ ሳይነገር ከታለፈ ግን የኢንዶ ነገር አይገባችሁም። የኢንዶ እናት ልጅ ሆና ማታ እሳት ማንደድ ክልክል ነበር፤ ጭሱ ያጋልጣል። ወንድሟ በአንዱ ዘመድ ዘንድ፣ እህቷ በሌላው፣ እሷ በሦስተኛው ተሸሽገው አደጉ። አንዱ ቤት ቢዘረፍ ሌላው ይተርፋል። ይህችው ሴት ኋላ ስትወልድ ለልጇ ያወረሰቻት ትልቁ ነገር ይኸው ነበር፦ ያለሽን ሁሉ አንድ በረት አታስገቢ።

ኢንዶ ፍየል ስትጠብቅ አደገች። ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ብዙ ይማራል። የትኛዋ ከየትኛዋ እንደተወለደች፣ የማን ቀንድ ወደ ኋላ እንደተቆለመመ፣ የማን ጆሮ ነጭ እንደሆነ፣ የትኛዋ መንታ እንደምትወልድ። ቁጥር ሳታውቅ በረት ስትገባ የጎደለችዋን ትለያለች። ሽምግልናዋ ላይ ዓይኗ ሲደክም እንኳ የግልገሉን ድምፅ ሰምታ «ይሄ የነጭ ጆሮዋ ልጅ ነው» ትል ነበር። እኛ ወጥተን እናያለን፤ ነው።

ከዚያ የታላቅ ወንድሟ የከብት ዝላይ ደረሰ። ይህን እናንተ ቱሪስት ካነሳው ፎቶ ታውቁት ይሆናል። ወጣቱ ለጋብቻ የሚበቃው በተደረደሩ ከብቶች ጀርባ ላይ ራቁቱን ሮጦ ሲያልፍ ነው፤ ከዚያ በፊት እህቶቹና የአጎቱ ልጆች ቀንደ መለከት እየነፉ፣ እየዘፈኑ፣ ቀድመው የዘለሉትንና «ማዝ» የሚባሉትን ወጣቶች በአርጩሜ እንዲገርፏቸው ይለምናሉ። ኢንዶ ለምናለች። ጀርባዋ ላይ የቀረው ጠባሳ እስከ መጨረሻው ይታይ ነበር፤ እኛ ልጆች ሆነን ቅቤ ስንቀባት በጣታችን እንከተለው ነበር። ልጄ ጀርባ ላይ እንዲህ ያለ ጠባሳ እንዲያርፍ አልፈልግም፤ ይህን በግልጽ እናገራለሁ። የኢንዶን ግን ከነትርጉሙ መናገር አለብኝ። ጠባሳው ወንድም ላይ የሚቀመጥ ዕዳ ነው። እህት ስለ እሱ ደሟን አፍስሳለች፤ በተቸገረች ቀን ወንድም «አልችልም» ማለት አይችልም። ያ ዕዳ እንዴት እንደተከፈለ ትሰማላችሁ።

ዳሯት። ባሏ በዕድሜ ብዙ ይበልጣት ነበር፤ በሐመርም በበናም እንዲህ ነው፣ ወንዱ ከዘለለና ጥሎሽ መክፈል ከጀመረ በኋላ ነው ሚስት የሚያመጣው። ጥሎሹም በአንድ ቀን አያልቅም፤ ዘንድሮ ጥቂት ፍየል፣ ከርሞ ከብት፣ ከዚያ ማር እያለ ዓመታት ይፈጃል፣ አንዳንዴ ለልጅ ይተርፋል። ሙሽራዋ መጀመሪያ የምትገባው የአማቷ ቤት ነው። አማቷ ራሷን ላጭታ፣ ቅቤና ቀይ አፈር ቀብታ፣ ለወራት ከጓዳ አስቀመጠቻት። ኢንዶ ስለዚያች አማት ስትናገር ድምፅዋ ይለሰልስ ነበር። «ባሌን ከማወቄ በፊት እሷን አወቅኋት» ትላለች። የቤቱን ሚስጥር የሰጠቻት እሷ ናት፤ የባሏ ከብት ማን ጋ እንዳለ፣ ማን ያልከፈለው ዕዳ እንዳለበት፣ በክፉ ቀን መሸሸጊያው ማን ዘንድ እንደሆነ።

ይህ «ቤል» የሚባለው ነገር ነው። ቤል የከብት ወዳጅ ነው። አንድ ሰው ላሙን ወይም ፍየሉን ሩቅ ላለ ወዳጁ ይሰጣል፤ ወዳጁ ወተቱን ይጠጣል፣ የወለደችው ትቆጠራለች፣ በተቸገረ ቀን ደግሞ ባለቤቱ መጥቶ ይጠይቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በማጎ ቆላ የገንዲ በሽታ የሚያስተላልፍ ዝንብ ያለበት ጫካ ከብት ይጨርሳል፤ በሌላው በኩል ዝናብ ይቀራል፤ በሦስተኛው ዘራፊ ይመጣል። ከብቱ በአምስት ቦታ ያለ ሰው አንድ ቦታ ቢጠፋበት አራት ይቀረዋል። ወንዶቹ ስለ ቤል ሲያወሩ የጀግንነት ወሬ ያደርጉታል። ሂሳቡን ግን የያዘችው የኢንዶ አማት ነበረች፣ ከእሷም ኢንዶ ወረሰች።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ቀጥሎ ያለው ከባድ ነው።

ከ1952 እስከ 1954 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞ ሸለቆና በዙሪያው፣ በአፍሪካ ምድር ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ የከፋው ገባ። 100,000 ያህል ሰው እንደታመመና 30,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። የፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከአዲስ አበባ ወርደው ሲያጠኑት አንዷ ዋና አስተላላፊ በእንሰትና በጎደሬ ቅጠል ብብት በሚጠራቀም ውኃ የምትራባ ትንኝ ሆና ተገኘች። ሰውን የሚመግበው ተክል ራሱ የትንኟ ቤት ነበር ማለት ነው።

ኢንዶ ይህን አታውቅም። የምታውቀው ባሏ እህል ፍለጋ ወደ አሪ ደጋ ወጥቶ፣ ሰንብቶ ራስ ምታትና ትኩሳት ይዞት መመለሱን ነው። ሦስት ቀን ተኛ። ተሻለው፤ ተነስቶ በረቱን አየ፣ ለልጆቹ ቀለደ። ከዚያ ተመልሶ ወደቀ፤ ጥቁር አስታወከ፣ ዓይኑም እንደ ማር ቢጫ ሆነ። የሚያውቁ ሐኪሞች ይህች መሀል ላይ የምትመጣ የመሻል ቀን የበሽታው ጠባይ መሆኗን ይናገራሉ። ለኢንዶ ግን ያች ቀን የሕይወቷ እሾህ ነበረች። «ተነስቶ ነበር እኮ» ትላለች፤ ይህን ዓረፍተ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። አያቴ በምን እንደሞተ የጻፈ የለም። ዓይኑን ያየችው ሴት ግን አልረሳችም።

ያኔ ሠላሳ አይሞላት ይሆናል። ሦስት ልጆች ነበሯት።

አሁን የበናን ሥርዓት ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው በግማሽ ነው የሚያውቀው። ባሏ የሞተባት ሴት ወደ አባቷ ቤት አትመለስም፣ ሌላ ባልም አታገባም። የሟቹ ወንድም ጠባቂዋ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የምትወልዳቸው ልጆች ሁሉ የሟቹ ልጆች ናቸው፤ በእሱ ስም ይጠራሉ፣ የእሱን ከብት ይወርሳሉ። አባቴ የተወለደው አያቴ ከሞተ ከዓመታት በኋላ ነው። የአባቱ ስም ግን የዚያ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ስም ነው፤ የእኔም የቤተሰብ ስም እሱ ነው። ከተማ ስማር አንድ ጓደኛዬ ይህን ሰምቶ ሊያፍርልኝ ሞከረ። የማፍርበት ምን አለ? ሰውየው ልጆቹ ሳያድጉ ሞተ፤ ሚስቱ ቤቱ እንዳይዘጋ አደረገች። በዚህ እኮራለሁ።

ይህ ሥርዓት ለአንዲት ሴት ጭነት ሊሆን ይችላል፤ ለብዙዎችም ሆኗል። ብልህ ለሆነችው ደግሞ በር ይከፍታል። በውጭ ሲታይ ሽማግሌውና የባል ወንድም ያዛሉ። በውስጥ ግን ልጆቿ ትንንሽ የሆኑ፣ ባል የሌላት፣ ጎተራውና ምድጃው በእጇ ያለ ሴት የቤቱ ራስ ትሆናለች። የሐመርን ሴቶች ለአሥርት ዓመታት ያጠናችው ጂን ሊዳል ይህንኑ አይታ፣ ወንድ የሚገዛው በሚመስለው በዚህ ማኅበረሰብ ውስጥ ስላለው የሴቶች ኃይል ጽፋለች። ኢንዶን አታውቃትም፤ ግን ስለ ኢንዶ ነው የጻፈችው ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ዓመት ፈተና ነበር። የባሏ ወንድም «ከብቶቹ ሁሉ አንድ ላይ ተሰብስበው እኔ በረት ይግቡ» አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አልነበረም፤ ጥበቃ ይቀላል ብሎ ነው። ኢንዶ ፊት ለፊት አልተቃወመችውም። ሽማግሌዎችን ቤቷ ጠራች፣ «ሾፎሮ» የሚባለውን የቡና ገለባ አፍልታ በትልቅ ቅል አቀረበች። ከዚያ ሽማግሌዎቹ እየጠጡ ሳለ መቁጠር ጀመረች። አንዲት ላም ከነጥጃዋ እገሌ ዘንድ፣ ሦስት ፍየሎች እገሌ ዘንድ፣ ከጥሎሽ ያልተከፈለ ይህን ያህል፣ ከማን ወገን፣ በማን ምስክርነት። ሽማግሌዎቹ ከነዚያ ግማሹን ረስተውት ነበር። ቅሉ ባዶ ሳይሆን ነገሩ አለቀ፦ ያሉበት ይቆዩ፣ እሷ ታስተዳድር ተባለ።

ወንድሞቿስ? መጡ። በጀርባዋ ላይ የተጻፈ ዕዳ ነበረባቸውና። አንዱ ፍየሎች ነድቶ መጣ፣ ሌላው ለሁለት ክረምት ማሳዋን ቆፈረላት። ስለ ግርፋቱ ስንጠይቃት «ያን ክረምት በላሁት» ትል ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቡናው አንድ ነገር ልጨምር፤ ወድጄው ነው። በና ቤት ጠዋት የሚጠጣው የቡና ገለባ በትልቅ ድስት ፈልቶ ነው፣ በቅል ነው፣ ሙቅ ነው። ሽማግሌ አንድ ጉንጭ ይይዝና ወደ ውጭ ፍፍፍ ብሎ ይረጨዋል፤ ከዚያ ባርጆ ይጠራል። ባርጆ ጤናም ነው፣ ዝናብም ነው፣ የከብት መርባት ነው፣ ዕድልም ነው። «ዝናብ ይምጣ» ሲል የተቀመጠው ይቀበላል፤ «በሽታ ይራቅ» ሲል ይቀበላል። ባርጆ የሚጠራው ወንድ ነው። ያለ ቡና ግን ባርጆ አይጠራም፣ ቡናውን የምታፈላው ደግሞ ሴት ናት። ኢንዶ የተጣሉ ሰዎች ቤቷ ተገናኝተው ካልታረቁ ቅሉን አታወጣም ነበር። «አልፈላም» ትላለች፣ ድስቱ እየተንተከተከ። ሰዎቹ ይስቃሉ፤ ስቀው ይታረቃሉ።

ደርግ መጣ። በ1967 መሬት ለአራሹ ተባለ፤ የእኛ መሬት ድሮም የአንድ ሰው ስላልነበረ ለኢንዶ ያመጣው ለውጥ የማኅበር ስብሰባ ነበር። ተቀምጣ ቅል ትሰፋ ነበር። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

1977ን ግን አልዘልም። የሰሜኑን ረሃብ ዓለም ሁሉ አይቶታል፤ የእኛን ቆላም ድርቁ አልማረውም። ማሽላው ቁመት ሳያወጣ ነደደ። ሰው ከብቱን እያየ ቀረ። ኢንዶ ታላቅ ልጇን ጠርታ በጣቷ መሬት ላይ መስመር እየሳለች ላከችው፦ መጀመሪያ ወደ አሪ ደጋ፣ እዚያ ቤል ዘንድ ሁለት ፍየል አለን፣ አንዷን ሽጠህ ጎደሬና ቆጮ አምጣ፤ ቀጥሎ ወደ ዲመካ አካባቢ ሐመር ወዳጃችን ዘንድ፣ እሱ ጋ ዝናብ ከጣለ ግልገሎቹን ውሰድለት፤ የመጨረሻውን ቤት ግን አትንካ፣ እሱ ለሚመጣው ዓመት ነው። ልጁ «ለሚመጣው ዓመት እንደርሳለን ወይ?» ቢላት «ካልደረስን ማን ይፈልገዋል፤ ከደረስን እንፈልገዋለን» አለችው። ደረሱ። በዚያ ዓመት ከልጆቿ አንድም አልሞተባትም። ስለ ኢንዶ ሌላ ምንም ባላወራ ይህችን ብቻ አወራ ነበር።

ይህን ያህል ካወራሁ በኋላ የማልደብቀውም አለ። በበና፣ በሐመርና በካራ «ሚንጊ» የሚባል ነገር ነበር። የላይ ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ሕፃን፣ ወይም ወጉ ሳይፈጸም የተፀነሰ ልጅ፣ ለአገር መዓት ያመጣል ተብሎ ይጣል ነበር። የካራ ሽማግሌዎች በሐምሌ 2004 ዓ.ም. ልማዱን በይፋ አስቀርተውታል፤ ከካራ የተወለደው ላሌ ላቡኮም ለእንዲህ ያሉ ልጆች ጂንካ ላይ ማደጊያ ቤት ከፍቷል። ኢንዶ ስለዚህ ነገር አታወራም ነበር። «ስንት ወለድሽ?» ስትባል «ስድስት» ትላለች። አንድ ቀን፣ አርጅታ ሳለ፣ የጎረቤት ምራት ሕፃኗን ታቅፋ እያለቀሰች ገባች፤ በሕፃኗ የላይ ድድ ላይ ነጭ ነገር ብቅ ብሏል። ኢንዶ ሕፃኗን ተቀበለች፣ አገላብጣ አየቻት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ይህችን ጂንካ አድርሳት፤ ዛሬውኑ። እኔ ሰባተኛውን አላደረስኩትም» አለች። ከዚያ በፊት ስለ ሰባተኛው ሰምቼ አላውቅም፣ ከዚያም በኋላ አልነገረችኝም። ሕፃኗ ዛሬ ተማሪ ናት። ኢንዶን ስወዳት ይህንንም ጨምሬ ነው፤ ጎድሎ የሚወደድ ሰው እሷ አልነበረችም።

በሐመር ባልዳምቤ የሚባል ታላቅ ተራኪ ነበር። ስለ አገሩና ስለ አባቱ ስለ ቤሪምባ ለጂን ሊዳልና ለባሏ ለኢቮ ስትሬከር ያወጋው በ1979 እንደ ፈረንጆቹ በመጽሐፍ ታትሟል። አባቶችን የሚተርክ ልጅ አይጠፋም። የሐመር እናቶችን ደግሞ ሊዳልና ባልደረባዋ ጆአና ሄድ፣ ኋላም ሊዳል ከልጇ ጋር፣ በፊልም ቀርጸዋቸዋል፤ ሴቶቹ እሳት ዳር ተቀምጠው ስለ ባል፣ ስለ ጣውንት፣ ስለ አማት በራሳቸው አንደበት ያወጋሉ። ከነዚያ ፊልሞች አንዱን ጂንካ ላይ አይቼ ወደ ካኮ ስመለስ ደብተር ገዛሁ። በና ውስጥ የእኛዋን የሚቀርጻት አልነበረም፤ ቢያንስ ፍየሎቹን ልጻፍ ብዬ።

ደብተሩን ከመክፈታችን በፊት ግን መርፌው መጣ። በ2005 ዓ.ም. በደቡብ ኦሞ ቢጫ ወባ ተገኘ፤ በላቦራቶሪ የተረጋገጡት ስድስት ሰዎች ነበሩ። ስድስት ጥቂት ነው እንዳትሉ፤ የድሮው እንዴት እንደጀመረ የሚያውቅ አይልም። በሰኔ ከ527,000 በላይ ሰው ለመከተብ ዘመቻ ተጀመረ። የጤና ሠራተኞቹ ካኮ ሲደርሱ ኢንዶ በትር ይዛ ወጣች። ከባለሙያዎቹ አንዷ ስለ በሽታው ስታስረዳ እኔ ወደ በንኛ እመልስ ነበር፤ ትኩሳት፣ ትውከት፣ መሀል ላይ መሻል፣ ከዚያ ዓይን ቢጫ መሆን። «መሻል» ስል ኢንዶ እጄን ያዘችው። «ተነስቶ ነበር እኮ» አለች። ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፎ ባሏ በምን እንደሞተ ያወቀችው ያን ቀን፣ ዛፍ ሥር፣ ሰልፍ ላይ ቆማ ነው።

ከዚያ ጠየቀች። «ይህ መርፌ ያኔ ነበረ?»

ባለሙያዋ ዝም አለች። እኔ ኋላ አነበብኩት። ነበረ። ማክስ ታይለር የተባለ ሳይንቲስት 17ዲ የተሰኘውን ክትባት በ1937 እንደ ፈረንጆቹ ሠርቶ ጨርሷል፤ በ1951 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። አንዴ የተወጋ ሰው ዕድሜ ልኩን ይበቃዋል። አያቴ ሲሞት ክትባቱ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ እኛ ደጃፍ ግን አልደረሰም። ሄጄ ነገርኳት። ልዋሻት እችል ነበር፤ ግን ኢንዶን የሚዋሽ ሰው አላውቅም። ረዥም ጊዜ ዝም ብላ «እኔ ፍየል ብልክ በሃምሳ ዓመት አይደርስም ነበር?» አለች። እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። በማግስቱ ግን ገና ያልተከተቡትን የሰፈሩን ልጆች እየለቀመች፣ የደበቁትን እናቶች እየተቆጣች፣ አንድ በአንድ ሰልፉ ላይ አስቆመቻቸው። ማን እንደጎደለ በቃሏ ታውቅ ነበር፤ የጤና ሠራተኞቹ ዝርዝር ከእሷ ጋር ሲተያይ የጎደለው ዝርዝሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ደብተሩን ያዝን። ማታ ማታ፣ ቦርኮቶው፣ የእንጨት ትራሷ ላይ ጋደም ስትል፣ እኔ በእጅ ባትሪ እየጻፍኩ። አንዲት ፍየል ለመጻፍ የሦስት ሰው ታሪክ ታወራለች፦ ፍየሏ የመጣችው ከማን ነው፣ እናቷ በማን ሠርግ የተሰጠች ናት፣ ሠርጉ ላይ ማን ከማን ተጣላ፣ ማን አስታረቀ። መጀመሪያ «ኢንዶ፣ ፍየሏን ብቻ ንገሪኝ» እል ነበር። «ፍየሏን ብቻ ካወቅህ ሰውየው ‘የለችም’ ሲልህ ምን ትለዋለህ?» አለችኝ። ትክክል ነበረች፤ ታሪኩን የያዘ ሰው ምስክር አለው። ታናሽ እህቴ ጂንካ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ክፍያዋን የሸፈኑት ከነዚህ ፍየሎች ሁለቱ ናቸው። የዩኒቨርሲቲው በር ከተከፈተ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር፤ ኢንዶ ልጅቷን ስትሸኝ ቅቤና ቀይ አፈር በግንባሯ ላይ ቀባቻት፤ እህቴም ሳታጥበው ሄደች።

በመጨረሻው ዓመት ስም ትረሳ ጀመር። የእኔን ረሳች፣ የእህቴን ረሳች። የፍየሎቹን አልረሳችም።

ለልቅሶው ሰው ከሩቅ መጣ። ከቀይ አፈር፣ ከአልዱባ፣ ከዲመካ፣ ከአሪ ደጋ። ፍየል እየነዱ መጡ፣ ተኩስ ተተኮሰ፣ ሴቶቹ የልጅነት ስሟን እየጠሩ አለቀሱ። ስሟን የሚያውቅ ሰው ገና መኖሩ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን አንድ የማናውቀው አረጋዊ አሪ ሁለት ፍየልና አንድ ግልገል ነድቶ ገባ፤ እንግዳ ቦታ ላይ ተቀመጠ፣ ቡናውን ጠጣ፣ ከዚያ ተናገረ። በ1977 ድርቅ ኢንዶ ያልነካችው ያ «የመጨረሻ ቤት» የአባቱ ቤት ነበር። ከዓመት ወደ ዓመት ልትወስድ ትችል ነበር፤ አልወሰደችም። «እናንተ ጋ ተጽፏል?» አለን። ደብተሩን ገለበጥን። አልተጻፈም። አልነገረችንም።

ከዚያ ወዲህ የቤታችን ሰው እንዲህ ያለ ሌላ ስንት ቤት እንዳለ ሲያስብ ያድራል። ወንድሜ ፍየሎቹን አሁኑኑ ሰብስበን እንካፈል ይላል፤ እህቴ የለም፣ ኢንዶ እንዳደረገችው ያሉበት ይቆዩ ትላለች፣ ቡና ማፍላቱንም የተረከበችው እሷ ናት። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ተቀምጠው ሁለት ጊዜ አልተስማሙም። ለጊዜው የተስማማነው በአንድ ነገር ነው፤ ደብተሩ ላይ አልዱባ ካለ ሰው ዘንድ ሦስት ፍየሎች እንዳሉን ተጽፏል፣ ሰውየው ለልቅሶ አልመጣም፣ ማክሰኞ ገበያው ሲቆም የወንድሜ ልጅ ሄዶ ይጠይቀዋል። እኔ ደግሞ ከመሄዱ በፊት አስቀምጬው፣ የመጀመሪያዋ ፍየል በማን ሠርግ እንደተሰጠችና ማን ከማን እንደተጣላ እያስጠናሁት ነው።